«ኤም አር አዩ ንጹህ ነው» ከማለታችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ወጣት ሐኪም ሳለሁ የተናገርኩት አንድ ነገር እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። አንድ እናት የ19 ዓመት ልጃቸውን ይዘው መጡ። ልጁ የሌለ ድምፅ ይሰማዋል። ምግቡ ተመርዟል እያለ አይበላም። እናትየው ነጠላቸው ውስጥ የያዙትን የኤም አር አይ ፊልም በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ወደ መስኮቱ አንስቼ አየሁትና «ንጹህ ነው እናቴ፣ አንጎሉ ምንም የለበትም» አልኳቸው።

«ታዲያ ምንም ከሌለበት ለምን እንዲህ ይሆናል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ሲወጡ ልጁን «አየህ፣ ሐኪሙም ምንም የለበትም አለ። አንተ ነህ የማትበረታው» ሲሉት ሰማሁ።

የሳትኩት እኔ ነበርኩ። ኤም አር አይ በተለምዶ ለይቶ የሚያሳየው ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነውን ነገር ነው። የአንጎል ቀጭኑ ደም ስር ግን የአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ እንኳ አይሞላም። ቀይ የደም ሴል የሚያልፍበት አንድ በአንድ ተሰልፎ፣ ተጨናንቆ ነው። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ሆኖ ሳለ ከኦክስጅናችን 20 በመቶ ገደማውን ይወስዳል። ያንን የሚያደርሱለት እነዚህ ስሮች ናቸው።

እኛ ስንማር ደም ስር ቧንቧ ነበር፤ በቃ። ስለ አእምሮ ሕመም ሲነሳ የሚወራው ዶፓሚን ስለሚባለው የአንጎል ኬሚካል ነው።

የደም ስርና የአንጎል ትስስር ግን ከማህፀን ይጀምራል። ደም ስሮች ከጽንሱ አንጎል ገጽ ላይ ተነስተው ወደ ውስጥ ይበቅላሉ። በዚያው ሰሞን የነርቭ ሴሎች ከተፈጠሩበት ተነስተው ወደ መኖሪያቸው ረጅም መንገድ ይጓዛሉ። አሜሪካ በሚገኘው ማክሊን ሆስፒታል የአንጁ ቫሱዴቫን ቡድን በ2018 ያወጣው ጥናት በጣም አስገርሞኛል። የአይጥ ጽንስ ደም ስሮች ራሳቸው ጋባ የሚባለውን ኬሚካል ያመነጫሉ። የነርቭ ሴሎቹም ለጉዟቸው ይህን ይፈልጋሉ። ስሮቹ ጋባ እንዳይለቁ ሲደረግ ጉዞው ተዛባ። አይጦቹም ካደጉ በኋላ ከሌሎች አይጦች ጋር መቀላቀል ተቸገሩ፣ ጭንቀትም ታየባቸው።

በሰውም ፍንጭ አለ። 22ኛው ክሮሞሶም ላይ ትንሽ ቁራጭ ጎድሏቸው የሚወለዱ ልጆች አሉ። ካደጉ በኋላ ከ4ቱ 1ዱን ገደማ ስኪዞፍሬኒያ፣ የሌለ ድምፅ የሚያሰማው የአእምሮ ሕመም፣ ይይዘዋል። ከዚያ ቁራጭ ጋር ከሚጠፉት ጂኖች አንዱ ክላውዲን-5ን የሚሠራው ነው። ክላውዲን-5 የደም ስር ሴሎችን እርስ በርስ ገጥሞ የሚይዝ ፕሮቲን ነው። እሱ ሲሳሳ በደምና በአንጎል መካከል ያለው አጥር ይላላል።

አደራ፣ ይህን አንብባችሁ አትቸኩሉ። አይጥ ሰው አይደለም። አብዛኞቹ ታማሚዎቻችን ያ ቁራጭ አልጎደላቸውም፤ ዶፓሚንም ውድቅ አልሆነም። ከሁሉም በላይ፣ «ከማህፀን ይጀምራል» ማለት «እናትየው አጠፋች» ማለት አይደለም። ይህን ቃል በፍጹም ከአፋችሁ አታውጡ። ምርምር የምታስቡ ካላችሁ ደግሞ ደም ስር ከሚያጠኑት ጋር ቁጭ ብላችሁ ቡና ጠጡ። እኛ ሳንነጋገር ብዙ ዓመት አባክነናል።

እኚያ እናት ዛሬ ቢመጡልኝ ፊልሙን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ እንዲህ እላቸዋለሁ። «ዕጢ የለም፣ ደም አልፈሰሰም። ከዚህ የረቀቀውን ግን ይህ ማሽን አያይልንም። ልጅዎ የምር ታሟል። የሚረዳው መድኃኒት አለ። ጠበልም ይውሰዱት፣ መድኃኒቱን ግን እንዳያቋርጥ።» ከዚያ እናቱ እየሰሙ ወደ ልጁ ዞሬ «ያንተ ጥፋት አይደለም» እለዋለሁ።