አዲስ ገቢ ተማሪ ለሚቀበሉ ወጣት መምህራን

ውድ ወጣት መምህራን፣

በትምህርት ቤት የምክር አገልግሎት ላይ ረጅም ዘመን የሠራሁ እንደመሆኔ፣ ዘንድሮ የክፍል ኃላፊነት ለምትረከቡት አንድ አደራ አለኝ። በዓመቱ አጋማሽ መሸኛ ይዞ የሚመጣ ልጅ የሚያሳየውን ጠባይ፣ ምን እንደተለወጠበት ሳታውቁ የሥነ ምግባር ጉድለት ብላችሁ አትመዝግቡበት።

በጅማ ገጠር በአፋን ኦሮሞ ሲማር ቆይቶ አዲስ አበባ አክስቱ ዘንድ የገባን፣ ወይም በጦርነቱ ከወሎ የተፈናቀለን ልጅ አስቡ። በቀድሞ ክፍሉ ጎበዝ ይባል የነበረው ልጅ ዛሬ ስሙ ሲጠራ «አቤት» ለማለት ይፈራል፤ አንድ ቃል ሲስት ክፍሉ ይስቅበታል፤ ጠዋት ጠዋት ሆዴን አመመኝ ይላል፤ በእረፍት ሰዓት ወይ አጥር ሥር ብቻውን ይቆማል፣ ወይ ይደባደባል። ያኔ ከብዙዎቻችን አፍ ቶሎ የሚወጣው «ወላጅ አምጣ» የሚለው ትእዛዝ ነው። ወላጁ ሩቅ ያለ ወይም የሞተበት ልጅ ግን የሚያመጣው ሰው ስለሚያጣ በማግስቱ ይቀራል፤ መቅረቱም ሌላ ጥፋት ሆኖ ይጻፍበታል። ስለዚህ ከማን ጋር እንደሚኖር ገና በመጀመሪያው ሳምንት ለብቻው ጠይቁት፤ አሳዳጊውንም ጥፋት ሳይኖር ተዋወቁ።

ልጅን ፊት ለፊት አቁሞ «ምን ሆነሃል?» ማለት እምብዛም መልስ አያስገኝም። ደብተሮቹን ተሸክሞ ከእናንተ ጋር እስከ መምህራን ክፍል እንዲሄድ አድርጉት፤ እየተራመደ ያወራችኋል። ቋንቋውን ከሚያውቅ ረጋ ያለ ተማሪ አጠገብ አስቀምጡት፣ እስኪለምድም ጮክ ብሎ እንዲያነብ አታስገድዱት፤ የሚስቁበትንም እርሱን ሳትጠቅሱ አስቁሙ።

ትዕግሥታችሁ በሁለተኛው ሳምንት አይለቅ። የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ እንደሚያስቀምጠው፣ ከከባድ ለውጥ በኋላ የሚመጣ የመላመድ ችግር አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወር ውስጥ ይጀምርና አስጨናቂው ሁኔታ ካልቀጠለ በ6 ወር ውስጥ ይረግባል። ምግብ እንቢ ካለ ወይም ራሱን ስለመጉዳት ካነሳ ግን ጊዜ አትቁጠሩ፤ በዚያው ዕለት ከአሳዳጊው ጋር ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

ሰኔ ላይ ካርድ ስትሰጡ፣ ልጁን ለሚቀጥለው የክፍል ኃላፊ በአካል አስተዋውቁ፤ ካርዱ ላይ ያለው ውጤቱ ብቻ ነውና ከማን ጋር እንደሚኖርና ምን እንደረዳው በቃል ንገሩ። በምስጢር ያካፈላችሁን ግን ለራሳችሁ ያዙት።