ይድረስ ቤዝ ጊታር ለጀመራችሁ፦ ስለ ቀኝ እጃችሁ

ውድ ወጣቶች፣

ጀማሪ ሁሉ ቤዝ ጊታር ባነሣ በመጀመሪያው ቀን ዓይኑን የሚጥለው ግራ እጁ ላይ ነው። የትኛውን ፍሬት (አንገቱ ላይ በብረት ዘንግ የተከፈለውን ቦታ) ልጫን፣ ስኬሉ (የኖታዎቹ ቅደም ተከተል) ከየት ይጀምራል፣ ትንሿ ጣቴ ለምን አልደርስ አለች ሲል ይከርማል። ቀኝ እጁ ግን ማንም ሳያስተምረው ክሩን እንዳገኘ ይጎትታል። ከዓመት በኋላ ብዙ ኖታ ያውቃል፤ ሲጫወት ግን አንዱ ኖታ ይጮኻል፣ ሌላው ይደክማል፣ ከድራሙም ጋር አይገጥምም። ግራ እጅ የሚወስነው የትኛው ኖታ እንደሚሰማ ብቻ ነው። ኖታው መቼ እንደሚነሣ፣ ምን ያህል እንደሚጎላና ምን ዓይነት ቀለም እንደሚኖረው የሚወስነው ክሩን የሚመታው እጅ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከልምምዳችሁ ግማሹን ምንም ፍሬት ሳትጫኑ፣ በባዶ ክር፣ ለቀኝ እጃችሁ ስጡት። ግራኝ ሆናችሁ ጊታሩን በተቃራኒው የምትይዙ ደግሞ ቀኝ ያልኩትን ግራ፣ ግራ ያልኩትን ቀኝ እያላችሁ አንብቡ።

በመጀመሪያ አያያዙን አስተካክሉ። ቁጭ ብላችሁ ስትለማመዱም ማንገቻውን አጥልቁ፤ ርዝመቱም ስትቀመጡና ስትቆሙ ጊታሩ በአንድ ከፍታ ላይ እንዲውል ይሁን። ጊታሩ በጣም ሲወርድ የግራ እጅ አንጓ ይታጠፋል፤ በጣም ሲወጣ ደግሞ የቀኙ። ጣት የሚያንቀሳቅሱት ጅማቶች አንጓችን ላይ በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ነው የሚያልፉት፤ አንጓው ታጥፎ ለሰዓታት ከተሠራበት ይፋተጋሉ፣ ያብጣሉ። ክንዳችሁን በጊታሩ ጠርዝ ላይ ቀለል አድርጋችሁ አሳርፉና ወደ ታች ተመልከቱ። እጃችሁ ከአንጓው ተሰብሮ ከተንጠለጠለ ክርናችሁን ትንሽ ወደ ኋላ ሳቡት፤ አንጓው ቀጥ ወደ ማለት ይመለሳል። ፍጹም ቀጥ ባይል ግድ የለም፤ ጎብጦ እንዳይቀር ነው።

አውራ ጣት መደገፊያ ያስፈልገዋል። ወፍራሙን የኢ ክርና ቀጥሎ ያለውን የኤ ክር ስትመቱ አውራ ጣታችሁ የፒክአፑ (ከክሮቹ ሥር ሆኖ ንዝረታቸውን የሚቀበለው ክፍል) ጠርዝ ላይ ይቀመጥ። ወደ ቀጫጭኖቹ ክሮች፣ ወደ ዲ ወይም ወደ ጂ፣ ስትሻገሩ ግን እሱም ወርዶ የኢ ክር ላይ ይረፍ። ይህች ትንሽ እርምጃ ሁለት ሥራ ትሠራለች፤ ጣቶቻችሁ ሩቅ ክር ለመያዝ እንዳይንጠራሩ ታደርጋለች፣ የኢ ክርም ሳይፈለግ እንዳያጉረመርም ዝም ታሰኘዋለች። ጂ ላይ ስትሠሩ አውራ ጣታችሁን ትንሽ ዘንበል ብታደርጉት ጎኑ የኤን ክር ጭምር ይይዛል። አውራ ጣት ይደገፋል እንጂ አይጫንም። ከልምምድ በኋላ ቆዳው ላይ ጎድጎድ ያለ ምልክት ካያችሁ በጉልበት እየያዛችሁ ነው፤ ያ ውጥረት ደግሞ ወደ ሌሎቹ ጣቶች ይሄዳል።

አሁን ወደ ምቱ። ክሩን የሚነካው የጣታችሁ ጫፍ ለስላሳው ሥጋ ነው እንጂ ጥፍሩ አይደለም፤ የሁለቱን ጣቶች ጥፍር አሳጥራችሁ ቁረጡ፣ አንዱ ከረዘመ ድምፃቸው ይለያያል። እንቅስቃሴው የሚነሣው ጣቱ ከመዳፍ ከሚገናኝበት ትልቁ መገጣጠሚያ ነው። ጀማሪ ብዙውን ጊዜ የጣቱን ጫፍ እንደ መንጠቆ አጥፎ ክሩን ከጊታሩ ወደ ውጭ ይስበዋል። ያኔ ክሩ ተመልሶ ፍሬቶቹ ላይ ይወድቅና ቋ የሚል ድምፅ ያወጣል፣ ኖታውም ይቀጥናል። እናንተ ግን ክሩን ወደ ጎን፣ ከጎኑ ወዳለው ወፍራም ክር አቅጣጫ ግፉት፤ ጣታችሁም ክሩን አልፎ እዚያው ወፍራሙ ክር ላይ ይረፍ። ጂን የመታ ጣት ዲ ላይ ያርፋል፣ ዲን የመታ ኤ ላይ፣ ኤን የመታ ኢ ላይ። ኢን የመታ ጣት አውራ ጣት ላይ ወይም ፒክአፑ ላይ ይቆማል። ማረፊያው ቋሚ ስለሆነ ጣታችሁ ሁልጊዜ እኩል ርቀት ይጓዛል፤ የድምፅ እኩልነት የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ከዚያ አመልካችና መሃል ጣት እንደሚራመዱ እግሮች ይፈራረቁ። ሜትሮኖሙን (ምት የሚቆጥረውን መሣሪያ) በደቂቃ 60 ምት ላይ አድርጉ። በአንድ ባዶ ክር ላይ በየምቱ አንድ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አራት ኖታ፣ እያንዳንዱን ለስምንት ባር (አንዱ ባር አራት ምት ነው) ተጫወቱ፤ ቀጥሎ ወደሚቀጥለው ክር። ሁሉንም ስትጨርሱ እንደገና በመሃል ጣት ጀምራችሁ ድገሙት። ይህን አትዝለሉት፤ በአመልካች ብቻ መጀመር የለመደ እጅ ዘፈኑ ሲያስገድደው ይደናገጣል። ክር ስትቀይሩም መፈራረቁ እንዳይቋረጥ ተጠንቀቁ፣ ብዙ ሰው አንዱን ጣት ሁለት ጊዜ የሚጠቀመው እዚያ ላይ ነው። ፍጥነቱን የምትጨምሩት ሁሉም ኖታ እኩል ሲሰማ ብቻ ነው፤ በአንድ ጊዜም ከአራት ወይም ከአምስት አትለፉ።

አንድ ጣት ለመድገም የሚፈቀድበት ቦታም አለ። ከቀጭን ክር ወደ ወፍራም ስትወርዱ ጣታችሁ አስቀድሞ ወፍራሙ ክር ላይ አርፏል፤ ወደ ፊት መግፋት ብቻ ይበቃዋል። ይህ ጉልበት ይቆጥባል፤ ግን ጣቱ ተንሸራቶ ሁለተኛውን ኖታ ቀድሞ ይመታዋል። ስለዚህ ጥብቁን መፈራረቅ መጀመሪያ፣ ይህን በኋላ ተማሩ። አሜሪካዊው የቤዝ ተጫዋች ጄምስ ጀመርሰን እነዚያን የሞታውን ሙዚቃ ኩባንያ ዘፈኖች በአመልካች ጣቱ ብቻ ነው የመታቸው፤ የሱን እጅ መውደድ መልካም ነው፣ ለጀማሪ ግን ሁለቱን ጣት ማሠልጠን ይቀድማል።

ስለ ጉልበት አጥብቄ ልንገራችሁ። ድምፅ ሲያንሳችሁ የአምፕሊፋየሩን ቮልዩም ጨምሩ እንጂ ክሩን አትደብድቡት። በኃይል የተመታ ክር ለቅጽበት ስለሚወጠር ኖታው ሲነሣ ከልኩ በላይ ከፍ ብሎ ይሰማል፣ ፍሬቱን ይመታል፣ እጃችሁም ይደክማል። ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ዘፈኑ ሲጋል የምትጨምሩት ነገር ማጣታችሁ ነው። በቀላል ምት የሚጫወት ሰው ወደ ላይ ቦታ አለው። አንዱን ኖታ በአራት ደረጃ፣ በጭንቅ ከሚሰማ እስከ ጠንካራ፣ ጣት እያፈራረቃችሁ ተለማመዱ።

የምትመቱበት ቦታም ድምፁን ይቀይራል። ወደ ጊታሩ አንገት ሲጠጉ ክሩ ይላላል፣ ድምፁ ክብና ጥልቅ ይሆናል። ወደ ብሪጁ፣ ክሮቹ በጊታሩ አካል ላይ ወደሚያርፉበት ጫፍ፣ ሲጠጉ ክሩ ይጠነክራል፣ ድምፁም ጠበቅ ብሎ ጥርት ይላል፤ ዝነኛው የቤዝ ተጫዋች ጃኮ ፓስቶሪየስ ከሚታወቅባቸው ነገሮች አንዱ ወደ ብሪጁ በተጠጋው ፒክአፕ አካባቢ መምታቱ ነው። ለአሁኑ በሁለቱ መካከል አንድ ቦታ ምረጡና ጣታችሁ እስኪለምደው አትልቀቁት።

ዝምታ ብዙ መምህራን የሚያዘገዩት ትምህርት ነው፤ እኔ ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ መግባት አለበት እላለሁ። ቤዝ የሚደንሰው ኖታው የት እንደሚቆም ሲታወቅ ነው። ሜትሮኖሙን 60 ላይ አድርጋችሁ እስከ አራት እየቆጠራችሁ፣ አንድ ሲል ምቱ፣ ሁለት ሲል የሚቀጥለውን ጣት ክሩ ላይ አሳርፋችሁ አቁሙት፣ በሦስት ምቱ፣ በአራት አቁሙ። ያልተመቱ ክሮችም በራሳቸው እንደሚያስተጋቡ እወቁ። የኢን ክር አምስተኛ ፍሬት ላይ ተጭናችሁ ስትመቱ ኖታው ከባዶው የኤ ክር ጋር አንድ ስለሆነ ኤ ሳይነካ መጮህ ይጀምራል። እዚህ ላይ የግራ እጅ ጣቶች ሆዳቸውን ጣል አድርገው ይያዙት። የመታችሁትን ክር በድንገት አቁሙና አዳምጡ፤ የቀረ ድምፅ ካለ ያልተያዘ ክር አለ ማለት ነው።

በቀን አንዴ ሁለት ሰዓት ከመቀመጥ፣ 15 ወይም 20 ደቂቃ ሦስት ጊዜ ይሻላል። የጣት ጫፍ መቅላትና ትንሽ ማቃጠል የተለመደ ነው፤ ቆዳው በሳምንታት ውስጥ ይጠነክራል። ውኃ ከቋጠረ ግን አታፍርጡት፣ እስኪድን አርፉ። አንጓ ላይ ሕመም፣ ጣት ላይ መደንዘዝ ወይም መጠዝጠዝ ከመጣ ግን ያን ቀን አቁሙ። ማንገቻውን፣ ክርናችሁንና የምትጠቀሙትን ጉልበት እንደገና ፈትሹ፤ ካልተወ ሐኪም ይየው። ሕመምን በትዕግሥት ማሸነፍ የሚባል ነገር ለእጅ አይሠራም።

ስላፕ (ክሩን በአውራ ጣት መደለቅ)፣ ፒክ (በትንሽ መምቻ መጫወት)፣ በሦስት ጣት መጫወት ሁሉ ጊዜያቸው ይደርሳል። አሁን ስልካችሁን ከፊታችሁ አስቀምጡና በአንድ ክር ላይ በየምቱ ሁለት ኖታ እያደረጋችሁ ለሁለት ደቂቃ ቅዱ። በማግስቱ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙት። የትኛው ኖታ በአመልካች፣ የትኛው በመሃል ጣት እንደተመታ መለየት ከቻላችሁ ወደ ባዶው ክር ተመለሱ። መለየት ሲያቅታችሁ ግራ እጃችሁን ጨምሩ፣ መጀመሪያ በአንድ ፍሬት ብቻ።