የብረት አዮን ኤሌክትሮን የሚያጣው ከየት ነው?
«4ኤስ ከ3ዲ ቀድሞ ከተሞላ፣ ብረት አዮን ሲሆን ለምን መጀመሪያ ከ3ዲ አይቀነስም?» ላልከው (4ኤስና 3ዲ በአቶም ውስጥ ኤሌክትሮኖች የሚቀመጡባቸው ንዑስ ሼሎች ናቸው፤ አዮን ደግሞ ኤሌክትሮን ያጣ ወይም የጨመረ አቶም ነው)፦ እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሸወዳል፣ እኔም ፈተና ላይ ተሸውጄበታለሁ።

ብረት 26 ኤሌክትሮን አለው። 18ቱ ልክ እንደ አርጎን ተደርድረዋል። ከቀሩት 8 ውስጥ 6ቱ 3ዲ ላይ፣ 2ቱ 4ኤስ ላይ ናቸው። የአሞላል ቅደም ተከተሉን ወደ ኋላ መቁጠር ግን አያዋጣም። 3ዲ ውስጥ ኤሌክትሮን ከገባ በኋላ የ3ዲ ኢነርጂ ከ4ኤስ በታች ይወርዳል፤ 4ኤስ ደግሞ ውጨኛው ነው። ስለዚህ ቀድመው የሚወጡት የ4ኤስ ሁለቱ ናቸው። ፖዘቲቭ 2 የሆነው ብረት 3ዲ ላይ 6 ይቀሩታል። ፖዘቲቭ 3 ሲሆን 5፣ ማለትም በ3ዲ አምስት ኦርቢታሎች (የኤሌክትሮን ማደሪያዎች) በእያንዳንዱ አንድ አንድ።

ክሎሪን አዮን ሲሆን እንዲህ አያደክምህም። 17 ኤሌክትሮኖቹ ላይ 1 ጨምር፣ አርጎን ጋ ትደርሳለህ።