ሩቡ የት ላይ ያልቃል?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ አንድ ጉዳይ ላይ ይገናኛሉ፤ ብዙ ሰው በተመዘገበበት መረጃ ውስጥ የአንዱን ቦታ ማወቅ። የመጀመሪያው ረዘም ያለ መልስ ያስፈልገዋል፤ የሰው እንጀራ አለበትና።

ጥያቄ፦ መምህርት፣ ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ውስጥ ከአዘዞ ፒያሳ የምንመላለስ የባጃጅ ሾፌሮች ያቋቋምነው የቁጠባ ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። አባላቱ 80 ነን። ለጎማና ለጥገና የሚሆን ብድር ለ20 ሰው የሚበቃ ገንዘብ ስላጠራቀምን፣ ጉባኤው «ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሩብ ይሰጥ» ብሎ ወሰነ። ሰው ገቢውን በትክክል መናገር ስለማይወድ፣ ነዳጁና ለባጃጁ ባለቤት የሚገባው ተነሥቶ በቀን በእጁ የሚቀረውን ቅጽ ላይ ምልክት እንዲያደርግ ብቻ ጠየቅን። የተገኘው ይኸው ነው፦

ከ200 እስከ 300 ብር፦ 6 ሰው
ከ300 እስከ 400፦ 10
ከ400 እስከ 500፦ 18
ከ500 እስከ 600፦ 22
ከ600 እስከ 700፦ 12
ከ700 እስከ 900፦ 8
ከ900 በላይ፦ 4

ሊቀመንበራችን ከ200 እስከ 1,000 ያለውን ብር ለአራት አካፍሎ «ሩቡ ከ400 በታች ያለው ነው» ይላል፤ 16 ሰው ይሆናል። እኔ ደግሞ 20ኛው ሰው ከ400 እስከ 500 ያለው ውስጥ ስለሚወድቅ፣ ከ500 በታች ያለው ሁሉ ይግባ አልኩ፤ 34 ሰው ሆነ። ገንዘብ ያዣችን «አማካዩ 540 ብር ነው፣ ከአማካዩ በታች ያለ ሁሉ ይካተት» ባይ ነው። ማንኛችን ነን ትክክል?
የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ከአዘዞ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሦስታችሁም በቅንነት ነው የተነሣችሁት፤ ጉባኤው የወሰነውን ሩብ ግን አንዳችሁም አላገኛችሁትም። ነገሩ ደግሞ ወረቀት ላይ የሚቀር አይደለም። በአንዱ ስሌት 4 ሰው የሚገባውን ብድር ያጣል፤ በሌላው ለ20 የታሰበው ገንዘብ ለ34 ተሸንሽኖ ለማንም ጎማ ሳይገዛ ይቀራል።

ሊቀመንበሩ ለአራት ያካፈሉት ብሩን ነው። ኳርታይል የሚያካፍለው ሰዉን ነው። 80ው ሾፌሮች ትንሽ ከሚያገኘው ጀምሮ ብዙ እስከሚያገኘው ድረስ ቢሰለፉ፣ 20ው በወዲህ፣ 60ው በወዲያ የሚሆኑበት የብር መጠን አንደኛው ኳርታይል ይባላል። 40 በ40 ሆነው የሚለያዩበት ሁለተኛው ነው፤ ሚዲያን የምንለውም እሱኑ ነው። ሦስተኛው 60ው በወዲህ፣ 20ው በወዲያ የሚሆኑበት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ብሩን ትታችሁ ሰዉን እየደመራችሁ ውረዱ፦ 6፣ 16፣ 34፣ 56፣ 68፣ 76፣ 80። ተደማሪ ድግግሞሽ የሚባለው ይህ ነው። 20ኛው ሰው 16ን አልፎ፣ 34 ላይ ሳይደርስ ይገኛል፤ ስለዚህ መደቡ ከ400 እስከ 500 ያለው ነው። እስከዚህ ድረስ እርስዎ ልክ ነዎት። ነገር ግን ሩቡ የሚያልቀው እዚያ መደብ ውስጥ ስለሆነ ብቻ መደቡ በሙሉ አይገባም።

ከ400 በታች 16 ሰው ስላለ፣ 20 ለመሙላት የሚጎድለው 4 ሰው ነው። በመደቡ ውስጥ 18 ሰው አለ፤ ስፋቱም 100 ብር ነው። 18ቱ በዚያ 100 ብር ውስጥ እኩል ተራርቀው ተሰራጭተዋል ብለን ብንነሣ፣ ከስፋቱ ውስጥ 4 አሥራ ስምንተኛውን ያህል እንገባለን፦

አንደኛው ኳርታይል = 400 + (20 − 16) ÷ 18 × 100 = 422 ብር ገደማ

በዚሁ መንገድ ሚዲያኑ 500 + (40 − 34) ÷ 22 × 100፣ ማለትም 527 ብር ገደማ ይመጣል። ሦስተኛው ኳርታይል 600 + (60 − 56) ÷ 12 × 100፣ ማለትም 633 ብር ገደማ ነው። ከአባላቱ መካከለኛው ግማሽ በቀን ከ422 እስከ 633 ብር ይዞ ቤቱ ይገባል ማለት ነው።

አሁን ወደ ገንዘብ ያዣችሁ ልምጣ። 540 የተገኘው ከ900 በላይ ያሉት 4 ሰዎች እያንዳንዳቸው 950 ብር እንደሚያገኙ ተገምቶ ነው፤ ደምሬ አይቼዋለሁ። ቅጹ ግን «ከ900 በላይ» ይላል እንጂ የት ድረስ እንደሆነ አይናገርም። 4ቱ በአማካይ 1,500 ብር የሚያገኙ ቢሆኑ የማኅበሩ አማካይ ወደ 567 ብር ከፍ ይላል። ኳርታይሎቹ ግን ንቅንቅ አይሉም፤ ላይኛው ጫፍ ላይ ያሉት 4 ሰዎች ስንትም ያግኙ ስንት፣ 20ኛው ሰው ያው 20ኛ ነው። ጫፉ ክፍት የሆነ ቅጽ ስትሞሉ አማካይን ትታችሁ ኳርታይል እንድትይዙ የምመክረው ለዚህ ነው። ደግሞም ከ540 በታች ያለው ሰው ሲሰላ 43 ገደማ ይሆናል፤ ከማኅበሩ ከግማሽ በላይ መሆኑ ነው።

አጥብቄ የምለምንዎት ነገር አለ። 422 ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይደለም። የተገኘው 18ቱ ሰዎች እኩል ተራርቀዋል ብለን ስለገመትን ነው፤ ሰው ደግሞ ገቢውን ሲናገር እንዲያ አይሰራጭም። «አራት መቶ»፣ «አራት መቶ ሃምሳ» ይላል፤ «አራት መቶ ሃያ ሦስት» የሚል ሾፌር አላጋጠመኝም። ከ18ቱ 10ሩ በእጃቸው የሚቀረው ልክ 400 ብር ቢሆን፣ እውነተኛው ኳርታይል 400 ሆኖ ያርፋል። ስለዚህ 425 አገኛለሁ ያለ ሰው በ3 ብር ምክንያት ከብድሩ እንዳይወጣ። ስሌቱ የሚሰጣችሁ አስተማማኝ ነገር ይህ ነው፦ ከ400 በታች ያሉት 16 ሰዎች ያለ ምንም ክርክር ይገባሉ፤ ከ500 በላይ ያሉት 46 ሰዎች ያለ ክርክር ይወጣሉ፤ የቀሩት 4 ቦታዎች የሚገኙት ከ18ቱ መካከል ነው። እነዚያን 18 ሰዎች ብቻ ለየብቻ ጠርታችሁ በእጃቸው የሚቀረውን በትክክል ጠይቋቸው። 80ውን ከመጠየቅ ይቀላል፤ ጥቂት ሰው ስለሆነም ምስጢሩን መጠበቅ ይቻላል። እኩል የሆኑ ሰዎች ቢገኙ በምን እንደምትለዩ ግን ከመጠየቃችሁ በፊት ወስኑ፤ ስም ከታወቀ በኋላ የሚወጣ መስፈርት ቂም ያተርፋል።

ቅጹንም ደግማችሁ እዩት። 500 ብር የሚያገኝ ሰው ምልክቱን የት ነው ያደረገው? በሁለቱም መደብ ላይ 500 ስለተጻፈ አንዱ ወደ ታች፣ ሌላው ወደ ላይ አድርጎት ይሆናል። «ከ400 ጀምሮ፣ ከ500 በታች» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ጥያቄ አይነሣም ነበር። ሌላም ልብ የሚባል አለ፤ ቅጹ የተሞላው መቼ ነው? በጥምቀት ሰሞን ከሆነ፣ ያኔ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ የሚጎርፈው እንግዳ የሁሉንም ገቢ ያሳብጠዋል፤ ከዚያ ውስጥ የሚወጣ 422 ለሐምሌ ዝናብ አይሠራም።

የአንድን አባል ቦታ ማወቅ ስትፈልጉ ስሌቱን ገልብጡት። በቀን 450 ብር የሚያገኝ ሰው ከበታቹ 16 ሰው፣ ከራሱ መደብ ደግሞ ግማሹ፣ ማለትም 9 ሰው አለ፤ 25 ከ80፣ ይኸውም 31 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ እሱ 31ኛው ፐርሰንታይል፣ ማለትም ከመቶ 31ዱ ከበታች የሚሆኑበት ቦታ አካባቢ ነው። ከላይ ያለውን አሥር በመቶ መለየት ካማራችሁ 72ኛውን ሰው ፈልጉ፤ ከ700 እስከ 900 ባለው መደብ ውስጥ ታገኙታላችሁ። የዚህ መደብ ስፋት 200 ነው፤ እንደ ሌሎቹ በ100 ካባዛችሁት 750 ይወጣና ትስታላችሁ። ትክክለኛው 700 + (72 − 68) ÷ 8 × 200፣ ማለትም 800 ብር ነው።

የመጨረሻው ነገር ለጉባኤው ነው። ኳርታይል ስለ ድህነት የሚናገረው የለም። የሁላችሁም ገቢ ነገ በእጥፍ ቢያድግ እንኳ ከታች 20 ሰው መኖሩ አይቀርም። 20 ብድር በገቢ ቅደም ተከተል ለማደል ኳርታይል ደህና አድርጎ ይሠራል። ሐሳባችሁ ልጆቹን መመገብ ያቃተውን አባል መደገፍ ከሆነ ግን፣ አዘዞ ላይ ለቤት ኪራይና ለአስቤዛ ስንት ብር እንደሚበቃ ተነጋግራችሁ የብር ወሰን አስቀምጡ፤ ከዚያ በታች ያለው 5ም ይሁን 35 ይደገፍ።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነኝ። ቁጥሮቹ አንድ በአንድ ሲሰጡን ለአንደኛው ኳርታይል ጠቅላላው ላይ 1 ጨምረን ለ4 እናካፍላለን። በመደብ ሲሰጡን ግን 1 አንጨምርም። ለምን?
ከሳሙና በር

መልስ፦ ልጄ፣ ጥሩ ጠይቀሻል። ቁጥሮቹ አንድ በአንድ ሲኖሩ የምትፈልጊው አንድ ቦታ ነው፤ ስንተኛው ቁጥር ላይ ልቁም ብለሽ ነው የምታሰዪው። በመደብ ሲሆን ግን ነጠላ ቁጥሮቹ ጠፍተዋል፤ የቀረሽ ከመደብ መደብ እየደመርሽ የምትወጪበት መስመር ብቻ ነው። በካሬ ወረቀት ላይ ከታች የብሩን ወሰኖች፣ ወደ ላይ ተደማሪ ድግግሞሹን አድርጊና ነጥቦቹን በማስመሪያ አገናኚ። ኦጃይቭ የሚባለው ይህ ነው፤ ስሙን እ.ኤ.አ. በ1875 የሰጠው እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጎልተን ነው። ከዜሮ እስከ 80 ባለው ከፍታ ላይ ሩቡ ልክ 20 ነው፤ ከዚያ አግድም ሄደሽ መስመሩን ስትነኪ ቁልቁል ውረጂ። ከላይ ለማኅበሩ ያሰላሁትን በዚህ ሥዕል ብትሞክሪው 422 አካባቢ ያደርስሻል። 1 ጨምረሽ በ20.25 ብታሰዪው ደግሞ መልሱ የሚለወጠው በ1 ብር ከ40 ሳንቲም ገደማ ነው፤ እኩል ተራርቀዋል ብለን ከገመትነው ግምት አንጻር ኢምንት ነው። ፈተና ላይ ግን አስተማሪሽ ያስተማረሽን ያዢ።

ጥያቄ፦ ሴት ልጄ ዓመት ሞላት። ጤና ጣቢያ ስትመዘን 7.9 ኪሎ ሆነች፤ ባለሙያዋም «15ኛው ፐርሰንታይል ላይ ናት» አለችኝ። ከመቶ 15 አገኘች ማለት ነው? እናቴ ይህን ከሰማች ጀምሮ ልጅቷን አስርበሻታል እያለች ታስለቅሰኛለች።
እናት፣ ከማራኪ

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞሽ። ይህ የፈተና ውጤት አይደለም፤ ልጅሽ ወድቃለች ያለም የለም። ዓመት የሞላቸው 100 ጤናማ ሴት ልጆች ከቀላሏ እስከ ከባዷ ቢሰለፉ፣ ልጅሽን የሚቀልሉ 15 ገደማ፣ የሚከብዱ 85 ገደማ ናቸው ማለት ብቻ ነው። መሃሏ ላይ የምትቆመው 8.9 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች።

እነዚያ ልጆች እነማን እንደሆኑ ማወቅሽ ይረዳሻል። መለኪያውን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ነው ያወጣው። በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ 8,500 ገደማ ልጆች ተለክተውበታል፤ ጡት የጠቡ፣ እናቶቻቸው የማያጨሱ፣ በደህና ሁኔታ ያደጉ ልጆች ናቸው። ስለዚህ ልጅሽ የተሰለፈችው ከጤነኞች ጋር ነው፤ ከጤነኞች መካከልም ቀለል የሚል አይጠፋም።

ከዛሬው ቁጥር ይልቅ ልብሽን መስመሩ ላይ አድርጊ። በ6 ወሯ ስንት ነበረች? ያኔ 6 ኪሎ ተኩል ገደማ ከነበረች፣ ያኔም እዚያው 15ኛው አካባቢ ነበረች፤ መንገዷን ይዛ እያደገች ነው። ያኔ 7.3 ኪሎ ከነበረች ግን መሃል ላይ የነበረች ልጅ በስድስት ወር ውስጥ ወደ 15ኛው ወርዳለች ማለት ነውና ምክንያቱ መጣራት አለበት፤ ታማ ይሆናል፣ ጡት ላይ የሚጨመረው ምግብ አንሶ ይሆናል። ይህን የሚለየው የጤና ባለሙያ ነው፤ እኔ በደብዳቤ ልፈርድ አልችልም። ቁመቷም አብሮ መታየት አለበት።

በሚቀጥለው ምዘና የክትትል ካርዷን ይዘሽ ሂጂና «ነጥቦቹ ካለፉት ወራት ጀምሮ መስመራቸውን ጠብቀዋል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። እናትሽንም ይዘሻቸው ሂጂ፤ ባለሙያዋ መስመሩን በጣቷ እየተከተለች ታሳያቸው።