ሲአርፒ (የብግነት የደም ምርመራ) ኖርማል ቢሆንም ሶሪያሲሱ (ቅርፊት የሚያወጣው የቆዳ በሽታ) ቀላል ነው ማለት አይደለም

«ደሴ የተመረመርኩት ሲአርፒ ኖርማል ነው፤ ውስጤ ብግነት የለም ማለት ነው?» ላልሽው፣ አይደለም። ሶሪያሲስ ሰፍቶም ሲአርፒ ላይጨምር ይችላል። ክብደቱን በቆዳሽ ለኪ፦ መዳፍሽ ከነጣቶቹ የገላሽ 1% ያህል ነው። ከ10 መዳፍ በላይ ከባድ ይባላል። ፊት፣ መዳፍ ወይም ብልት ላይ ከወጣ ግን ጥቂቱም ቀላል አይደለም።

በሰፋ ቁጥር የልብና የደም ሥር ችግር ስጋቱም ስለሚጨምር ግፊት፣ ስኳርና ኮሌስትሮል ተመርመሪ። ጠዋት ጣቶችሽ ከ30 ደቂቃ በላይ አልታጠፍ ካሉ፣ ጥፍርሽም እንደ ወንፊት ከተነቋቆረ መገጣጠሚያሽን ነክቶ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም ንገሪ።

የደሴ ብርድ ቆዳሽን አድርቆ ሲያባብሰው ግን ፕሬድኒሶሎን የተባለውን የስቴሮይድ ክኒን በራስሽ ገዝተሽ እንዳትውጪ። ለጊዜው ያጠፋዋል፤ ስታቆሚው መግል ቋጥሮ ሊመለስ ይችላል። ጀምረሽ ከሆነም በድንገት አታቋርጪ፤ ሐኪም ቀስ በቀስ ይቀንስልሽ።