ሆም ወይስ ፕሮ? መጀመሪያ ላፕቶፕሽ ይዞት የመጣውን እዪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ወንድምሽ ከአሜሪካ ላፕቶፕ ልኮልሻል። ያለበት ዊንዶውስ 10 ነው፤ ወደ 11 ልታስቀይሪው ነው። ሰርቪስ ቤቱ «ፕሮ እንጫንልሽ» ብሎሻል። ጓደኛሽ ደግሞ «ኤልቲኤስሲ ነው ቀለል የሚለው» ብላሻለች። አንቺ ሆም ይበቃኝ ይሆን ብለሽ ጠየቅሽ። ሆም፣ ፕሮ፣ ኤልቲኤስሲ ሁሉም የዊንዶውስ ዓይነቶች ናቸው። የተሰጡሽን መልሶች አነበብኳቸው፤ አብዛኛው ሰው «ፕሮ ይሻላል» ብሎ አልፏል። ለምን እንደሚሻል ግን የነገረሽ የለም። ይህ ነገር እኔ ቤት ደርሷል፤ ልክ እንዳንቺ ከአሜሪካ በመጣ ላፕቶፕ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ፣ ታገሺኝ።

በፍላሽ እንዴት እንደሚጫን አልነግርሽም። እሱን ዩቲዩብ ላይ በአማርኛም ታገኚዋለሽ።

1. ማንም ሳይነካው አሁን ያለበትን እዪ። ሴቲንግስ ግቢ፣ ሲስተም፣ ከዚያ አባውት። «ሆም» ወይም «ፕሮ» የሚል ታገኛለሽ። በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ቀጥለሽ አክቲቬሽን የሚለውን፣ ዊንዶውሱ ፈቃድ እንዳለው የሚያሳየውን ገጽ፣ ክፈቺ፤ እሱንም አንሺ። በዲጂታል ላይሰንስ አክቲቬት ሆኗል ካለሽ ጥሩ ነው። የድርጅት ኪ ማኔጅመንት ሰርቪስ የሚል ካየሽ ግን ተጠንቀቂ። እንዲህ ዓይነቱ አክቲቬሽን ለድርጅት የተሠራ ነው፤ የሚቆየው 180 ቀን ነው፤ ከድርጅቱ ሰርቨር ጋር እየተገናኘ መታደስ አለበት። ከሱቅ በተገዛ የግል ላፕቶፕ ላይ ይህን ካየሽ ክራክ ነው፣ ማለትም ያለ ፈቃድ በዘዴ የተከፈተ ነው በይ።

ይህን ማየት ለምን እንደሚጠቅም ልንገርሽ። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ትልልቆቹ አምራቾች የዊንዶውሱን ኪ፣ ማለትም የፈቃድ ቁጥሩን፣ ማዘርቦርዱ ውስጥ አስገብተው ነው የሚሸጡት። ከማይክሮሶፍት የወረደውን ትክክለኛ መጫኛ ስታስነሺ ያንን ኪ ራሱ ያነባል። የሆም ኪ ካገኘ ሆም ይጭናል። የቱ ይሁን ብሎ እንኳ አይጠይቅሽም። ኢንተርኔት ሲያገኝ ደግሞ ራሱ አክቲቬት ይሆናል። የዊንዶውስ 10 ኪ ለ11 ይሠራል፤ ሌላ ብር የለም። ወንድምሽ ላፕቶፑን ሲገዛ የዊንዶውሱንም ዋጋ አብሮ ከፍሏል። በላዩ ላይ ሌላ ዓይነት ማስጫን የተከፈለበትን ጥሎ በክራክ መሄድ ነው።

ሰርቪስ ቤቶቹ ለምን ለሁሉም ሰው ፕሮ እንደሚጭኑ ታውቂያለሽ? ፍላሻቸው ላይ ያለው አንድ የተነካካ ፋይል ስለሆነ ነው። ለመጣው ሁሉ ያንኑ ይጭናሉ። ክራኩም ለዚያው የተዘጋጀ ነው። ላንቺ ስለሚሻል አይደለም።

በነገራችን ላይ ዴል ላቲቲውድ፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ፣ ሌኖቮ ቲንክፓድ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ፕሮ ይዞ ነው የሚመጣው። እንደዚያ ከሆነ ፕሮ ጫኚ፣ መብትሽ ነው። ኢንስፓይሮን፣ ፓቪሊዮን፣ አይዲያፓድ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሆም ነው። ያገለገለ የቢሮ ማሽን ከሆነ ደግሞ ከተጫነ በኋላ ገና ሲጀምር ኢንተርኔት አገናኚውና እዪ። የማታውቂውን ድርጅት ስም ጠርቶ በድርጅቱ ኢሜይል ግቢ ካለሽ ማሽኑ ከዚያ ድርጅት መዝገብ አልወጣም ማለት ነው። ያኔ ለወንድምሽ ደውዪለት፣ ከሻጩ ጋር ይነጋገር።

2. ፕሮ ይፈጥናል የሚሉሽን አትስሚ። ውስጡ አንድ ነው። ፕሮ የሚጨምረው ለቢሮ የሚሆኑ ነገሮችን ነው። ከቤት ሆነሽ ቢሮ ያለውን ኮምፒውተር በሪሞት ዴስክቶፕ መክፈት ከፈለግሽ የቢሮው ማሽን ፕሮ መሆን አለበት፤ ቤት ያለው ግን ሆም ቢሆንም ይሠራል። የመሥሪያ ቤት ዶሜን (የድርጅቱ ኔትወርክ) ውስጥ መግባት፣ ግሩፕ ፖሊሲ (ለማሽኖች ደንብ ማውጫው)፣ ሃይፐር ቪ የሚባለው (በማሽኑ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር ማስነሻው)፣ እነዚህ ፕሮ ላይ ናቸው። ሆም እስከ 128 ጊጋባይት ራም ይቀበላል። ያንቺ 8 ወይም 16 ነው፤ በዚህ በኩል የሚያሳስብሽ ነገር የለም። እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ ፕሮግራምም፣ አማርኛ መጻፊያውንም፣ ኤክሴሉንም ሆም ላይ ነው የምሠራው። የጎደለብኝ የለም። የአማርኛ ኪቦርድ ደግሞ ዊንዶውሱ ውስጥ አብሮ አለ። ሴቲንግስ ውስጥ ላንጉዌጅ ገብተሽ አማርኛን መጨመር ብቻ ነው፤ ሆምም ፕሮም ላይ አንድ ነው።

3. ሲጫን የሚገባው ኢሜይል ያንቺ ይሁን። እህቴ፣ ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይህን አትርሺ። እኛን ያቃጠለን ይሄ ነው።

የታላቅ እህቴ ልጅ የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ እያለች አጎቷ ከአሜሪካ ላፕቶፕ ላከላት። አዲስ ነው፣ ሆም አለው፣ አክቲቬት የሆነ ነው። ምንም አልጎደለውም። ጓደኞቿ ኦፊስ አስጭኚ አሏት፣ መገናኛ አካባቢ አንድ ሰርቪስ ቤት ወሰደችው። ልጁ አየት አደረገና «ይሄማ ሆም ነው፣ ፕሮ ላድርግልሽ» አላት። እሷ ምን ታውቃለች? እሺ አለች። ሙሉ በሙሉ ፎርማት አደረገው። ዊንዶውሱ ሲነሳ የማይክሮሶፍት አካውንት ይጠይቃል። ልጁ እሷን ኢሜይልሽ ምንድን ነው ብሎ ከመጠየቅ የሱቁን ኢሜይል አስገባ። ስሟን ላዩ ላይ ቀየረላትና ሰጣት። ማንም ምንም አልነገራት።

ማወቅ ያለብሽ ነገር እዚህ ጋ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. ከወጣው 24ኤች2 ከሚባለው የዊንዶውስ 11 ቨርዥን ጀምሮ፣ እንደ አዲስ ሲጫንና በማይክሮሶፍት አካውንት ሲገባ፣ አብዛኛው ማሽን ዲስኩን ራሱ ይቆልፋል። ሆምም ላይ እንዲሁ ነው። ነገሩ መጥፎ አይደለም፤ ላፕቶፕሽ ቢሰረቅ ሌባው ፋይልሽን አያይም። ነገር ግን የመክፈቻው ባለ 48 አሃዝ ቁጥር፣ ሪከቨሪ ኪ የሚሉት፣ የሚቀመጠው በገባው አካውንት ውስጥ ነው። የገባው የሱቁ ከሆነ ቁጥሩ ሱቁ ጋ ነው። ቤት ሠርቶ አስረክቦሽ ቁልፉን ኪሱ ይዞ እንደሄደ አናጺ ነው።

ወራት አለፉ። መጀመሪያ «አክቲቬት ዊንዶውስ» የሚል ጽሑፍ ጥግ ላይ መጣ። ወሰደችው፣ አንቲቫይረሱን አጥፍተው እንደገና ክራክ አደረጉት። በሌላ ጊዜ የቻርጀር መሰኪያው ተበላሸ፤ ሌላ ጥገና ቤት ሲሠራው ባዮሱን፣ ማሽኑ ሲበራ ከዊንዶውሱ በፊት የሚነሳውን ፕሮግራም፣ ሪሴት አደረገው። ማሽኑ ሲነሳ ሰማያዊ ገጽ መጣ። 48 አሃዙን አምጪ ይላል። ይህ የሆነው የመመረቂያ ጽሑፏን ልታስገባ ስትል ነው።

እኔ ዘንድ እያለቀሰች መጣች። አብረን ወደ መጀመሪያው ሱቅ ሄድን። እስካሁን ሳስበው ያበሳጨኛል። ልጁ ከስልኩ ቀና ሳይል «ፎርማት ነው መፍትሔው» አለን። ፎርማት አንፈልግም፣ የገባበትን አካውንት ክፈትልን፣ ቁጥሩ እዚያ አለ አልኩት። «የትኛውን ኢሜይል? በቀን ስንት ማሽን እንደምንጭን ታውቃለህ?» አለኝ። ሰማያዊው ገጽ ላይ የኪው መለያ ተጽፏል፣ አካውንቱ ውስጥ ካሉት ጋር ማመሳከር ብቻ ነው ብዬ አሳየሁት። ባለቤቱን ጠራ። ባለቤቱ ደግሞ «ሶፍትዌር ላይ ዋስትና አንሰጥም» አለ። ዋስትና ማን ጠየቀው? እኔ የጠየቅሁት የእህቴን ልጅ ቁጥር ነው። በኋላ ኢሜይሉ የተከፈተው በለቀቀ ሠራተኛ ስልክ ነው፣ ኮድ ስለሚጠይቅ መግባት አንችልም አሉ። እውነት ይሁን ሰበብ አላውቅም። ለፎርማቱ ግን ዋጋ ነገሩን! ይቅርታ የሚል ቃል ከአንዳቸው አፍ አልወጣም።

ማይክሮሶፍትም ቢሆን ያንን ቁጥር አውጥቶ አይሰጥሽም። ቁጥሩ ከሌለ ፋይሉ የለም። የጽሑፏን ምዕራፎች ለአማካሪዋ በኢሜይል ትልክ ስለነበር እነሱን አገኘናቸው። መስክ ወጥታ የቀረጸቻቸው ቃለ መጠይቆች ግን ጠፉ። ሰዎቹን እንደገና ፈልጎ ማናገር ምን ማለት እንደሆነ ጥናት የሠራ ያውቀዋል። የመመረቂያ ጊዜዋ ተራዘመ።

ከዚያ በኋላ ማሽኑን ለማንም አልሰጠሁም። መጫኛውን ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ አወረድኩ። ከ5 ጊጋባይት በላይ ነው፤ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ወይም በሌሊት ጥቅል አውርጂው። 8 ጊጋባይት ፍላሽ ይበቃል፣ ፍላሹ ላይ ያለው ግን ይጠፋል። አስነሳሁት። ሆም ወይስ ፕሮ ብሎ አልጠየቀኝም። ሆም ጫነ። እሷ በራሷ እጅ ኢሜይሏን አስገባች። ዋይፋይ እንዳገኘ አክቲቬሽን ገጹ ላይ ዲጂታል ላይሰንስ አለ። ኪ አልገዛሁም፣ ክራክ አልፈለግሁም፣ አንቲቫይረስ አላጠፋሁም። ኮምፒውተር ሳይንስ ያልተማረ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ሱቁ ያበላሸውን እኔ አስተካከልኩት። አሁን የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ማሽን ሲገዙ መጀመሪያ ወደ እኔ ነው የሚያመጡት፤ ደስ ይለኛል።

አንቺም ስትጨርሺ ማይክሮሶፍት አካውንትሽ ውስጥ በድረ ገጽ ግቢና ዲቫይስ ከሚለው ሥር ሪከቨሪ ኪውን ፈልጊ። በወረቀት ጻፊው። ላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ አይደለም፣ ፓስፖርትና የትምህርት ማስረጃ የምታስቀምጪበት ጋ አኑሪው።

4. ኤልቲኤስሲ ላልሽው። ለድርጅቶች በጅምላ የሚሸጥ ነው፤ እንደ ባንክ ማሽንና እንደ ሆስፒታል መሣሪያ ቶሎ ቶሎ መለወጥ ለሌለበት ነገር የታሰበ። ግለሰብ ሱቅ ሄዶ አይገዛውም። ስለዚህ ጓደኛሽ ላይ ያለው ክራክ ነው ማለት ይቻላል። ፕሮግራም የሚወርድበት የማይክሮሶፍት ስቶርም አብሮት አይመጣም። በቴሌግራም «ላይት» እየተባለ የሚዞረውን ደግሞ በጭራሽ። ማን ምን እንደቀነሰበትና ምን እንደጨመረበት አታውቂም። የባንክ አካውንትሽን የምትከፍቺበት ማሽን ነው እኮ!

መጫኛው የዊንዶውስ ዓይነቶችን ዝርዝር ካሳየሽና ከስሙ ኋላ ኤን ያለበት ካየሽ እለፊው። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2004 እ.ኤ.አ. በማይክሮሶፍት ላይ ከወሰነ በኋላ የመጣ ነው፤ የቪዲዮና የድምፅ ማጫወቻው ተነጥሎ የወጣበት ነው። ሲንግል ላንጉዌጅ የሚል ከሆነ ግን አትፍሪ፤ የሜኑውን ቋንቋ መቀየር አለመቻል ነው እንጂ አማርኛ ይጻፍበታል። ማሽንሽ ይዞት የመጣው እሱ ከሆነ እሱኑ ጫኚ፤ ተራውን ሆም ብትጭኚ ኪው አይቀበለውም። ሆም ሆኖ ኤስ ሞድ ላይ ከሆነ ከስቶር ውጭ ምንም አያስጭንሽም። ከስቶሩ በነፃ ታወጪዋለሽ፣ መመለስ ግን የለም።

5. ነገ ሥራ ይዘሽ የግድ ፕሮ ካስፈለገሽስ? ከሆም ወደ ፕሮ መውጣት ፎርማት አይጠይቅም። ኪ አስገብተሽ ወይም ከስቶሩ በ99 ዶላር ገዝተሽ፣ ፋይልሽ ባለበት ይቀየራል። ከፕሮ ወደ ሆም መመለስ ግን እንደ አዲስ መጫን ነው። በሆም ብትጀምሪ የሚያመልጥሽ ነገር የለም የምልሽ ለዚህ ነው። በርካሽ የሚሸጡ ኪዎችን ተያቸው፤ ብዙዎቹ የድርጅት ናቸው፣ ሲታገዱ ገንዘብሽን የሚመልስልሽ የለም።

ፕሮሰሰሩን አልጻፍሽም። ኢንቴል ከሆነ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ መሆን አለበት፤ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕም ይፈልጋል። ከዚያ በታች ከሆነ ሰርቪስ ቤቱ ዘዴ ፈጥሮ ይጭንልሽ ይሆናል፤ ማይክሮሶፍት ግን አፕዴት ዋስትና አይሰጥበትም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ለግለሰቦች የተራዘመው የደህንነት አፕዴት እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው።

ሰርቪስ ቤት መሄድሽ ካልቀረ ከአጠገቡ አትራቂ። ኢሜይል የሚጠይቀው ገጽ ላይ ሲደርስ ኪቦርዱን ተቀበዪውና ራስሽ ጻፊ። እኔ ልጻፍልሽ፣ ጊዜ ይቆጥባል ካለሽ ማሽንሽን ይዘሽ ውጪ። ከመክፈልሽ በፊት አክቲቬሽን ገጹን ክፈቺና መጀመሪያ ካነሳሽው ፎቶ ጋር አስተያዪው። የሞዴሉን ስምና ያንን ፎቶ እዚሁ ብትለጥፊልኝ ማታ ከሥራ ስወጣ አይቼ የትኛውን መጫን እንዳለብሽ እነግርሻለሁ።