የቧንቧ ሠራተኛ ክፍያ በአዲስ አበባና በክልል ከተሞች፦ ጥያቄና መልስ

ካዛንቺስና አራት ኪሎ አካባቢ ባሉ ሕንፃዎች የሳኒተሪ ሥራ የምሠራ ባለሙያ ነኝ። ስለ ክፍያ ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የምሠራው ሐዋሳ ነው። አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቼ የቀን ሒሳባቸው ከእኔ ይበልጣል። ልምጣ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የቀን ሒሳቡን ብቻ አይተህ እንዳትነሳ። ለማስሊያ ያህል ብቻ አዲስ አበባ በቀን 1,500 ብር፣ ሐዋሳ 1,100 ብር ይከፈላል እንበል። በወር 18 ቀን ብትሠራ እዚህ 27,000፣ እዚያ 19,800 ብር ታገኛለህ። እዚህ ለኪራይ 9,000፣ ለትራንስፖርት 3,000 ብታወጣ 15,000 ይቀርሃል። እዚያ ለኪራይ 4,000፣ ለትራንስፖርት 600 ብታወጣ 15,200 ይተርፍሃል። ዋናው ነገር ደግሞ የቀኑ ብዛት ነው። አዲስ አበባ ሥራ የሚገኘው በትውውቅ ስለሆነ አዲስ መጪ 18 ቀን ላይሞላለት ይችላል። 12 ቀን ብቻ ከሠራህ ኪራዩ አይቀንስልህም፤ የሚቀርህ ከ7,000 ብር ብዙም አይዘልም። የራስህን ቁጥር አስገብተህ አስላው፤ የሚያስጠጋህ ዘመድ ካለ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ ሕጉ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ክፍያ የለም?

መልስ፦ የቀን ሒሳብ የሚቆረጠው በድርድር ነው። ተቀጣሪ ከሆንክ ግን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይጠብቅሃል፦ መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም፤ በሕዝብ በዓል ቀን ለሚሠራ የትርፍ ሰዓት ሥራ ሁለት እጥፍ ተኩል ይከፈላል።

ጥያቄ፦ የደረጃ 3 የብቃት ምዘና አልፌአለሁ። ክፍያዬን ይጨምርልኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ተቋራጭ ድርጅት ወይም የሆቴል ጥገና ክፍል ስትቀጠሪ አዎ። በቤት ጥገና ግን የሚታየው እጅሽ ነው።

ጥያቄ፦ መሃል ከተማ መሥራት ከዳር ይሻላል?

መልስ፦ ለጥገና ይሻላል። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ የታንከርና የፓምፕ ሥራ አያልቅም፤ አሮጌ ሕንፃዎች ውስጥ ደግሞ የዛገ የብረት ቧንቧ ሞልቷል። የሚያሳዝነኝ ከፒያሳና ከካዛንቺስ በመልሶ ልማት የተነሱት ባለሙያዎች ጉዳይ ነው። ደንበኞቻቸው መሃል ከተማ ቀርተው እነርሱ ዳር ገብተዋል፤ በታክሲ ሰልፍ የሚያልፈውን ሰዓት ማንም አይከፍላቸውም። ስለዚህ ለአንድ ሩቢኔት ቅያሪ ስትጠራ የመምጫ ሒሳብህን አስቀድመህ ተናገር፤ አትፈር።

ጥያቄ፦ ድርጅቱ በአዲስ አበባ የነጥብ ዋጋ (ለእያንዳንዱ የውሃ መውጫ ወይም መግጠሚያ ቦታ በሚከፈል ሒሳብ) ድሬዳዋ ሊልከኝ ነው። ልቀበል?

መልስ፦ እንዲሁ አትቀበል። የማደሪያ፣ የምግብና የጉዞ ወጪህ ከነጥብ ዋጋው ተለይቶ በጽሑፍ ይስፈር። የድሬዳዋ ውሃ ካልሲየም ስለሚበዛበት ቧንቧ ውስጥ ደረቅ ቅርፊት ይተዋል፤ የቆየ መስመር ላይ የምትገባ ከሆነ ቧንቧው ውስጡ ጠቦ ይጠብቅሃል፤ አንዱ ነጥብ እዚህ ከለመድከው በላይ ጊዜ ይወስዳል። ሙቀቱም አለ። መስመሩን ሳታይ ዋጋ አትስጥ።

ጥያቄ፦ ባለቤቱ ዕቃውንም ጨምሬ በቁርጥ እንድይዝ ይፈልጋል።

መልስ፦ የእጅ ዋጋህን ብቻ በቁርጥ ያዝ። የመገጣጠሚያ ዕቃ አብዛኛው ከውጭ ስለሚገባ በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋው በአንድ ወር ውስጥም ይቀያየራል። ባለቤቱ ራሱ መርካቶ ሄዶ ይግዛ፤ አንተ ዝርዝሩን ከነመጠኑ ጽፈህ ስጠው፣ ክፍያውንም መነሻ፣ ቧንቧው ተዘርግቶ በግፊት ሲፈተሽና ርክክብ ላይ ብለህ በሦስት ክፈለው።